ለካንሰር ምርምር ወጨጫን መውጣት፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ መጨረሻው ደረሰኝ

ተራራ መውጣት ብቻውን አምስት ሳንቲም አያመጣም። ብሩን የሚያመጣው ከመውጣታችሁ ሁለት ወር በፊት የምትደውሉት ስልክ ነው። ብዙ ቡድን ስለ ቲሸርትና ስለ ጫማ ሲከራከር ይከርምና ለገንዘቡ የሚተርፈው የመጨረሻው ሳምንት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ላይ ስለ ገንዘቡ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። ዳገቱማ ይወጣል።

ተራራውን መምረጥ

አዲስ አበባ ዙሪያዋን ተራራ ነው። እንጦጦ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ሰው በመኪና ሽቅብ ብሎ ማኪያቶ ጠጥቶ የሚመለስበት ቦታ ስለሆነ «እንጦጦን ልወጣ ነውና ብር አዋጡ» ማለት ትንሽ ያሳፍራል። ለልምምድ ግን የሚያህለው የለም። የረር በስተምሥራቅ አለ፤ 3,100 ሜትር ገደማ ነው። በደቡብ በኩል ደግሞ 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው ዝቋላ አለ፤ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይገኛል። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ምእመናን ስለሚጎርፉበት በእነዚያ ቀናት ባነር ይዞ መሄድ አይታሰብም። በሌላውም ቀን ቢሆን ገዳም ነውና በሥርዓቱ ነው የሚኬደው።

እኔ የምመክረው ወጨጫን ነው። ከከተማው በስተምዕራብ፣ ከሰበታ በላይ የተቀመጠ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ቁመቱ 3,390 ሜትር ገደማ። ከአየር ጤና ወይም ከዓለም ባንክ ሰፈር ወደ ምዕራብ ቀና ስትሉ የምታዩት እሱን ነው። ይህ ለገንዘብ ማሰባሰቡ ትልቅ ጥቅም አለው። ለጋሹን ወደ መስኮቱ ወስዳችሁ «ያንን ነው የምወጣው» ልትሉት ትችላላችሁ። ራስ ዳሸን 4,500 ሜትር ያልፋል፤ ግርማው ሌላ ነው። ግን ለጉዞ ብቻ የምታወጡት ገንዘብ ከምትሰበስቡት እንዳይበልጥ እሰጋለሁ።

መውጫው በሱባ ደን በኩል ይሁን። በጅማ መንገድ ሰበታ ደርሳችሁ ወደ ሰሜን በጠጠር መንገድ ትታጠፋላችሁ። ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው። መግቢያ ይከፈላል፣ መንገድ መሪም ይገኛል። ጉዞው ሲቃረብ አንድ ሁለት ሰው አስቀድማችሁ ልካችሁ የመንገዱን ሁኔታ፣ ክፍያውንና የአካባቢውን ጸጥታ ከደን ጽሕፈት ቤቱና ከወረዳው ይጠይቁ። በስልክ «ሰላም ነው፣ ኑ» ማለት አይበቃም። ወረዳው ወይም ፖሊስ «አሁን አይሆንም» ካለ ቀኑን ግፉት። የገባችሁት ቃል ስለሆነ ብቻ አትሂዱ።

ቀኑ

ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውስጥ ይሁን። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው ኮስተር አያስገባም፣ መብረቁም ቀልድ አያውቅም። ከዚህ ውስጥ የጥቅምት የመጨረሻ ቅዳሜዎች ይበልጡብኛል። ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ይላል። ከሁሉም በላይ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት ነው። በጾም ከሆነ ከቡድኑ ግማሹ እስከ ስድስት ሰዓትና ከዚያም በላይ እህል ውኃ አይቀምስም፤ በባዶ ሆድ ያን ዳገት መውጣት ደግሞ ራስን መሳት ነው። እሑድን የማልመርጠው ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ስለሚቀር ነው። ሙስሊም ጓደኞቻችሁ ካሉ ረመዳን መቼ እንደሚገባ አስቀድማችሁ እዩ።

ብሩ ለማን ነው?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «ለካንሰር» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲና ተስፋ አዲስን የመሳሰሉ ድርጅቶች ከክልል ለሕክምና የሚመጡ ታማሚዎችን በማስጠለልና በመደገፍ ይታወቃሉ። ይህ ድጋፍ ነው። ምርምር ሌላ ነው፤ በአብዛኛው የሚሠራውም በዩኒቨርሲቲና በሆስፒታል ውስጥ ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ግን አይደባለቁ። ለምርምር ብላችሁ ሰብስባችሁ ለመድኃኒት ብትሰጡ፣ ሐሳቡ ቅዱስ ቢሆንም ቃል አፍርሳችኋል።

ለምርምር ብላችሁ ከተነሣችሁ የሚገጥማችሁ ጥያቄ አንድ ነው። «ሰው መድኃኒት አጥቶ እየሞተ ምርምር ምን ይሠራል?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የምናገረው ምሳሌ ይህ ነው። በጥቁር አንበሳ የታከሙ ሴቶችን የጡት ዕጢ ናሙና የመረመረ ጥናት፣ አብዛኛው ዕጢ በኤስትሮጅን ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት መሆኑን አሳየ። በጥቁር ሴቶች ዘንድ ይህ ዓይነቱ ያነሰ ነው የሚል ግምት ነበር። ልዩነቱ የወረቀት ላይ ልዩነት አይደለም። ዕጢው እንዲህ ዓይነት ከሆነ ታሞክሲፈን የሚባል፣ ርካሽ፣ በአፍ የሚዋጥ ክኒን ይረዳል። ያ ጥናት ባይሠራ ክኒኑ ለስንቱ እንደሚጠቅም በምን ይታወቃል? ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ፊታቸው ይለወጣል።

ሌላው ምሳሌ ምዝገባው ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በጥቁር አንበሳ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በሴቶች ላይ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ቀዳሚ መሆናቸው በቁጥር የታየው በእሱ ነው። ምርምር ሲባል ሰው ማይክሮስኮፕ ይታየዋል እንጂ፣ ብዙው ወጪ ተራ ነገር ላይ ነው። ካርድ ክፍል ገብቶ መዝገብ የሚያገላብጠው መረጃ ሰብሳቢ አበል ይፈልጋል። ታማሚዋ ከሁለት ዓመት በኋላ እንዴት እንደሆነች ለማወቅ የሚደወልበት የስልክ ካርድ አለ። የናሙና መቀቢያ ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ ይገዛል።

ስለዚህ ወደ ተቋሙ ስትሄዱ ጥቅል ነገር አትቀበሉ። አንድ ገጽ ወረቀት ጠይቁ፦ የጥናቱ ርዕስ፣ ኃላፊው ተመራማሪ፣ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ቁጥር፣ የወጪ ዝርዝር፣ ውጤቱ የሚታወቅበት ጊዜ። ከዝርዝሩ ውስጥ በአቅማችሁ ሙሉ በሙሉ ልትሸፍኑት የምትችሉትን አንድ ነገር ምረጡ። «የአንድ ዓመት የስልክ ክትትል ወጪ» ብሎ መጠየቅ «ለካንሰር ምርምር» ብሎ ከመጠየቅ በጣም ይቀላል።

ገንዘቡ የሚገባበት ቦታ

በግል ስም የተከፈተ ሒሳብ አይሁን። የእናንተም፣ የጓደኛችሁም፣ ሰፈር ውስጥ የሚከበሩት አዛውንትም አይሁን። የታማሚ ፎቶ ለጥፎ የራሱን ቁጥር የሚጽፍ አጭበርባሪ በዝቶ ሰው እምነት አጥቷል፤ እውነቱን ነው። ብሩ በቀጥታ የሚገባው በተቋሙ ሒሳብ ወይም በድርጅቱ ስም በወጣ የቴሌብር የክፍያ ቁጥር ነው። የምትሠሩት ከበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበበትን የምስክር ወረቀት እዩ። ከዚያም «እነዚህ ሰዎች ለዚህ ጥናት ገንዘብ እንዲያሰባስቡልን ተስማምተናል» የሚል ማኅተም ያለው ደብዳቤ ተቀበሉ። የደብዳቤው ፎቶ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይሠራል። ለጋሾች ባንክ ሲያስገቡ «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «ወጨጫ» ብለው ይጻፉ፤ በኋላ ማን እንደከፈለ ለመለየት ይረዳችኋል።

ሣጥን ይዞ መንገድ ላይ መቆም ይቅርባችሁ። ፈቃድ ይፈልጋል፣ ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ጠብ ያመጣል።

ቡድኑ ውስጥ እንደ ዕድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ምረጡ። ከዚያ አንድ ሕግ አውጡ፦ የኮስተሩን፣ የመግቢያውን፣ የመንገድ መሪውንና የምሳውን የሚከፍለው ተራራውን የሚወጣው ሰው ራሱ ነው። ከልገሳው አንዲት ብር ለጉዞ አትነካም። ይህን በመጀመሪያው መልእክታችሁ ላይ ጻፉት። «በእኛ ብር ሽርሽር ሊሄዱ ነው» የሚለው ወሬ ከመነሣቱ በፊት ይሞታል።

ሜትር መሸጥ

አሁን ወደ ዋናው። ዝም ብላችሁ «እርዱን» ካላችሁ ሰው 50 ብር ይሰጥና ይረሳል። ሜትር ሽጡለት።

ቃል ማስገባት ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጊዜ ሄዳችሁ የመነሻውን ከፍታ በስልክ ጂፒኤስ ለኩ። 2,490 ሜትር ላይ ብትነሡ እስከ አናቱ 900 ሜትር ትወጣላችሁ እንበል። በሜትር 1 ብር ቃል የገባ ሰው 900 ብር ይከፍላል። በሜትር 50 ሳንቲም ያለ 450 ብር። ተማሪ በሜትር 5 ሳንቲም ቢል 45 ብር ነው፣ ያውም በኩራት። ትንሿ ሳንቲም ለጋሹን አታስደነግጥም፣ ድምሩ ግን ይከብዳል። ተራራውን የሚወጡ 20 ሰዎች እያንዳንዳቸው 20 ለጋሽ ቢያገኙና ሰው በአማካይ 450 ብር ቢሰጥ 180,000 ብር ይሆናል።

ለመሥሪያ ቤትና ለዕድር ደግሞ መቶ መቶውን ሜትር በጅምላ ሽጡ። 900 ሜትር ዘጠኝ ቁራጭ ነው። «ከ2,990 እስከ 3,090 ያለው የእናንተ ነው» ትሏቸዋላችሁ። እዚያ ስትደርሱ ስማቸው የተጻፈበትን ካርቶን ይዛችሁ ፎቶ ትነሣላችሁ። አንዱን በ10,000 ብር ብትሸጡ 90,000 ብር ተጨመረ። የመጨረሻውን መቶ ሜትር መጀመሪያ ላይ አትልቀቁት፤ ሁሉም የሚፈልገው እሱን ነውና ዋጋውን ከፍ አድርጋችሁ አቆዩት።

ዕድር ጋ ስትሄዱ በስብሰባው ቀን አምስት ደቂቃ ለምኑ። ከዳኛው ጋር አስቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ ግን አትሂዱ። ድርጅቶች ለሒሳባቸው ሕጋዊ ደረሰኝ ይፈልጋሉ፤ ተቋሙ እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ለግለሰቦች በቴሌግራም ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት ከመበተን ደውሉ። ንግግሩ ከዚህ አይርዘም፦

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጥቅምት መጨረሻ ወጨጫን ልንወጣ ነው። ለጡት ካንሰር ጥናት ገንዘብ እያሰባሰብን ነው። በሜትር 50 ሳንቲም ይያዙልኝ፤ አናቱ ከደረስኩ 450 ብር ይሆናል።»

«ካልደረስክስ?»

«የደረስኩበትን ያህል ብቻ ይከፍላሉ።»

«እንደሱ ከሆነማ ሙሉውን ካሁኑ ልስጥህና ጉልበትህን አትጨርስ፣ ልጄ።»

እንዲህ ሲሏችሁ እሺ በሉና የክፍያ ቁጥሩን ወዲያው ላኩ። ከስልኩ በኋላ አምስት ደቂቃ ካለፈ ነገሩ ቀዘቀዘ። ቃል የገባውን ሁሉ በደብተር ጻፉ፦ ስም፣ በሜትር ስንት፣ መቼ እንደሚከፍል። ግማሹን ከጉዞው በፊት ለማስገባት ሞክሩ። ከተራራው በኋላ የሚከፈል ቃል ብዙውን ጊዜ ተራራው ላይ ይቀራል።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁን አትርሱ፤ ግን ወደ እናንተ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ተቋሙ ሒሳብ ይላኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። የታማሚ ፎቶ አትጠቀሙ። ቤተሰብ ሕመሙን ከጎረቤት የሚደብቅበት አገር ነው ያለነው። ፀጉሯ የረገፈ ልጅ ፎቶ ብር ሊያመጣ ይችላል፣ ግን ልጅቷ አድጋ የምታየው ፎቶ ነው። የተራራውን ፎቶ ለጥፉ።

እግርን ማዘጋጀት

ከስምንት ሳምንት በፊት ጀምሩ። የአዲስ አበባ ሰው ትልቅ ዕድል አለው፦ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ስለሚኖር ለቀጭኑ አየር እንግዳ አይደለም። በየሳምንቱ መጨረሻ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም በእግር ውጡ፣ ስትመለሱም ታክሲ አትያዙ። ጉልበትን የሚፈጀው መውረዱ ነው፤ ጉልበት የሚለምደውም በመውረድ ነው። በሳምንቱ መሀል ሁለት ቀን ደረጃ ውጡ፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ እንደሆነ ሞልቷል። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ በጉዞው ቀን የምትይዙትን ቦርሳ ከነውኃው ተሸከሙ።

አዲስ ጫማ ለጉዞው ቀን አትግዙ። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ሳልባጅ ተራ ፈልጋችሁ ቀድማችሁ ልመዱት። ለመውረጃው ደግሞ ይህን ያዙ፦ ቁጭ ብላችሁ ማሰሪያውን ፍቱ፣ ተረከዛችሁን መሬት ላይ መታ መታ አድርጋችሁ እግራችሁን ወደ ኋላ ስደዱ፣ ጣቶቹ በኩል ላላ፣ ቁርጭምጭሚቱ በኩል ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። እግር ወደ ፊት አይንሸራተትም፣ የአውራ ጣት ጥፍርም አይጠቁርም።

የልብ፣ የአስም ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳይጠይቁ አይምጡ። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው «እኔም ልውጣ» ካላችሁ ውሳኔው የሐኪሙ ነው፤ ደም ማነስና የበሽታ መከላከል አቅም መዳከም የተለመዱ ናቸውና። ደን ጽሕፈት ቤቱ አጠገብ የሚቆይ ቡድን አዘጋጁላቸው። ቡናው ይፈላል፣ እነሱም ከመነሻው ይሸኟችኋል።

የጉዞው ቀን

ከአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሡ፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እግር መጀመር አለበት። የሰው ቁጥር ቆጥራችሁ ጻፉ። ከፊት የሚሄደው መንገድ መሪው ይሁን፤ ከእሱ ቀጥሎ ጎበዙ ሳይሆን ቀርፋፋው። ከኋላ ደግሞ ማንም ከኋላው የማይቀር አንድ ጠንካራ ሰው መድቡ፣ ፊሽካም ስጡት። ደኑ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ካርታውን ቤት ሳላችሁ አውርዱ።

ከታች ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጉሬዛዎቹ ከላይ ይዘላሉ፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ የምኒልክ ድኩላ ታያላችሁ። ከፍ ስትሉ ኮሶ ይመጣል፣ ከዚያ ዛፉ እያጠረ አስታና አምጃ ይሆናል፣ በመጨረሻም ሣርና ጅብራ። ዛፉ ሲያጥር ነፋሱ ያገኛችኋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ላብ ባረጠበው ቲሸርት ላይ ነፋስ ሲመታ ደግሞ ከዚያም የባሰ ይሰማል። ከዛፉ ሳትወጡ ጃኬት ልበሱ።

ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውኃ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ በሶ። በሶ በጠርሙስ ተበጥብጦ ቢያዝ በጣም ጥሩ ነው፤ መብላት ያስጠላው ሰው እንኳ ይጠጣዋል። ጭኮ የሚያዘጋጅ ዘመድ ያለው ይጠቀምበት።

3,390 ሜትር ላይ የምትስቡት ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ብዙ አይጎዳም። የሚያሰጋኝ ትናንት ከድሬዳዋ ወይም ከውጭ አገር የገባው ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ እንጂ ሽቅብ መቀጠል የለም፤ ካልተሻለው ይውረድ። ቀጥ ባለ መስመር መራመድ ካቃተው፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው፣ ከሁለት ሰው ጋር፣ ወደ ታች። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል 907 በስልካችሁ ይኑር፤ የሰበታን ጤና ተቋም ስልክም ቀድማችሁ ያዙ፤ ቅርቡ እሱ ነው።

መመለሻ ሰዓት አስቀምጡ፦ ከቀኑ 7 ሰዓት። አናቱ 50 ሜትር ቢቀረውም ሰዓቱ ከሞላ ዞር በሉ። ሜትር የሸጣችሁትም ለዚህ ነው፤ የደረሳችሁበት ድረስ ይከፈላል። ከ9 ሰዓት በኋላ ደመና ሊጋርድ ይችላል፣ ጫካው ውስጥም ቶሎ ይጨልማል።

አናቱ ላይ አየሩ ጥርት ካለ አዲስ አበባ በስተምሥራቅ ተዘርግታ ትታያለች፣ ወደ ደቡብ ደግሞ ዝቋላ። የከፍታውን ቁጥር ከሚያሳየው ስልክ ጋር ፎቶ ተነሡ፤ ለጋሹ የሚጠይቀው እሱን ነው። የካርቶኖቹንም ፎቶ አትርሱ። ላስቲክና ጠርሙስ ሁሉ ይመለሳል።

ከወረዳችሁ በኋላ

በዚያው ምሽት፣ ድካሙ ሳይወጣላችሁ፣ ፎቶውን ላኩ። «በሜትር 50 ሳንቲም ነበር ያሉን፤ 900ውንም ሜትር ወጥተነዋል» ማለት ቃሉን ያልከፈለውን በጨዋ ደንብ ያስታውሰዋል። ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ደውሉ። ሁለተኛ ጊዜ አትደውሉ፤ በዚያ ሰው ላይ ደብተሩን ዝጉ። ዓመት ቆይቶ በሌላ ነገር ታገኙታላችሁ።

በ15 ቀን ውስጥ ገንዘብ ያዡ ከተቋሙ የሒሳብ ክፍል ጋር ይቀመጥ። «ወጨጫ» ተብሎ የገባው ድምርና ደብተራችሁ ላይ ያለው ካልተስማማ ልዩነቱን ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን ሳይጽፍ ያስገባ ሰው ነው። ማኅተም ያለበት የገቢ ማረጋገጫ ደብዳቤ ተቀብላችሁ ለሁሉም ለጋሽ ላኩ፤ 45 ብር ለሰጠውም ጭምር። ከዚያ ተመራማሪውን ጥናቱ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቃችሁ ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ውጤቱ ሲወጣ በሁለት አንቀጽ፣ በአማርኛ እንዲጽፍላችሁ ካሁኑ ቃል አስገቡት።